ተጨማሪ መረጃ፦ «ሞጣ» በኮምፒውተር ውስጥ

በሊኑክስ ኮምፒውተር የምሥራቅ ጎጃሟን ከተማ የ«ሞጣ»ን ስም ብቻ ጽፋችሁ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። ከዚያ በተርሚናል ላይ ሄክስደምፕ የተባለውን ትእዛዝ በትልቁ «-ሲ» አማራጭ ስታስኬዱ ባይቶቹ በሄክሳዴሲማል ይወጣሉ፦

ኢ1 88 9ኢ ኢ1 8ሲ ኤ3

(ከ10 እስከ 15 ያሉት ዋጋዎች ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፤ እዚህ የተጻፉት በስማቸው ነው።)

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች «ሞ»፣ ቀጣዮቹ «ጣ» ናቸው፤ ባለ ሦስት ፊደሉ የሌላዋ ከተማ ስም «ብቸና» ደግሞ 9 ባይት ይወስዳል። ፊደሎቹ ሁሉ በኢ1 የሚጀምሩት የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከሄክሳዴሲማል 1200 ጀምሮ ተከታታይ ቦታ ስለተሰጠው ነው። መጨረሻ ላይ 0ኤ ካያችሁ መስመር መቀየሪያው ነው። አማራጩን ከተዋችሁት ግን በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ ባይቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቦታ ተለዋውጠው ይታያሉ።