ከተገለበጠችው መኪና የወጣው ስም

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1996፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከዲትሮይት ወደ አን አርበር በሚወስደው ኤም-14 አውራ ጎዳና ላይ አንዲት ፎርድ ኤክስፕሎረር ተገለበጠች። ውስጧ ስድስት ወጣቶች ነበሩ። አምስቱ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ሲሆኑ ስድስተኛው ዩኒቨርሲቲው ለማስፈረም ደፋ ቀና የሚልለት የፍሊንት ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማቲን ክሊቭስ ነው። መሪ የያዘው ሞሪስ ቴይለር ነበር። ሮበርት ትሬይለር የተባለው ግዙፍ ልጅ ክንዱ ተሰበረ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

ሌላ ቦታ ቢሆን ነገሩ በትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ሰፍሮ ይቀር ነበር። በአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ውስጥ ግን በምልመላ ላይ ያለ ተማሪ እንዲሁ የትም የሚወሰድ ሰው አይደለም። ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ለምልመላ ያወጣው ደንብ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል። ተማሪው ካምፓሱን ሊጎበኝ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚያስተናግደው፣ ከካምፓሱ ስንት ማይል ርቆ መዝናናት እንደሚችል ሳይቀር ተደንግጎ ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ወደደም ጠላም ሁለት ነገር መጠየቅ ነበረበት። ልጆቹ በዚያ ሌሊት ዲትሮይት ድረስ ምን ሊሠሩ ሄዱ? ደግሞስ ደመወዝ የሌለው የ19 ዓመት ተማሪ እንዲህ ያለ መኪና ከየት አመጣ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አንድ ስም ይዞ መጣ። ልጆቹ በዚያ ሌሊት ጎራ ካሉባቸው ቤቶች አንዱ የኤድ ማርቲን ነበር።

ማርቲን በፎርድ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የዲትሮይት ልጆች «አጎት ኤድ» ይሉታል። ጎበዝ ተጫዋች ባለበት የትምህርት ቤት ጂም ሁሉ አይጠፋም፤ በተለይ ሳውዝዌስተርን በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተኛ ነበር። ኬክ ይዞ ይመጣል፣ ለተጫዋቾቹም ለአሰልጣኞቹም ያድላል። ጫማ የጨረሰ ልጅ ካለ ጫማ ይገዛል፣ የቤት ኪራይ የከበዳት እናት ካለች ይደጉማል። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሰውየው ተደብቆ አያውቅም። የሚሺጋን ጨዋታዎች ላይ ሰው ሁሉ በሚያየው ወንበር ይቀመጥ ነበር፤ ትኬቱንም የሚያስገኝለት ዋናው አሰልጣኝ ስቲቭ ፊሸር እንደነበር ኋላ ላይ ተረጋግጧል።

ሚሺጋን በዚያን ዘመን ምን ዓይነት ቡድን እንደነበረ ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። በ1991 ፊሸር አምስት አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ መለመለ፦ ክሪስ ዌበር፣ ጄለን ሮዝ፣ ጁዋን ሃዋርድ፣ ጂሚ ኪንግ እና ሬይ ጃክሰን። «ፋብ ፋይቭ» ተባሉ። በመጀመሪያ ዓመታቸው አምስቱም ቋሚ ተሰላፊ ሆነው ቡድኑን ለብሔራዊ ፍጻሜ አደረሱት፣ በዱክ ተሸነፉ። በ1993 እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ። በዚህኛው ጨዋታ 11 ሴኮንድ ሲቀር ዌበር ቡድኑ የጨረሰውን ታይም አውት ጠየቀ፤ ቴክኒካል ፋውል ተቆጠረበትና ሚሺጋን ለኖርዝ ካሮላይና 77 ለ71 እጁን ሰጠ። ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰው ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቢሆንም ሰፊው ቁምጣቸውና ጥቁር ካልሲያቸው የአንድ ትውልድ አለባበስ ሆነ፣ የዩኒቨርሲቲው ማልያም በመላ አገሪቱ ተቸበቸበ። ከዚያ ገንዘብ ለልጆቹ ሳንቲም አይደርሳቸውም ነበር፤ ደንቡ የሚፈቅድላቸው ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ዌበር የራሱ ቁጥር ያለበት ማልያ በሱቅ መስኮት ተሰቅሎ ሲሸጥ እያየ እሱ ለምግብ የሚሆን ገንዘብ እንደሌለው ለጋዜጠኛው ለሚች አልቦም ነግሮት፣ አልቦምም ስለ ቡድኑ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል። ብዙ አንባቢ አዘነለት። አልቦም የቀረውን ታሪክ ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

መኪናዋ በተገለበጠች ጊዜ ፋብ ፋይቭ ከካምፓሱ ሄደው ነበር። ዌበር በ1993 የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንቢኤ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆኖ ወጥቷል። (በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ዲሲ የነበሩ የአገራችን ሰዎች እሱንም ሃዋርድንም በከተማዋ ቡድን በቡሌትስ ማልያ ሳያዩዋቸው አልቀሩም።) ስለዚህ ምርመራው ሲጀመር ማንም ወደ ኋላ አልተመለከተም። የተያዘው ቴይለርና መኪናው ነበር።

ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ በራሱ ሰዎች፣ ቀጥሎም ከውጭ በቀጠረው የሕግ ድርጅት አስመረመረ። የእነዚህ መርማሪዎች ችግር ሥልጣን ነበር። ሰው ይጠይቃሉ፣ ሰውየው «አልተቀበልኩም» ካለ ብዕራቸውን ከድነው ይወጣሉ። የባንክ ሂሳብ ማስከፈት አይችሉም፣ ምስክርን አስገድደው አያቀርቡም፣ የዋሸ ሰውን አያሳስሩም። እስከ 1997 ቆይተው ያገኙት ከማርቲን ጋር የነበረውን ቀረቤታ፣ የትኬቱን ነገርና ጥቃቅን ጥሰቶችን ነው። ትልቁን ገንዘብ ጠርጥረው ሊሆን ይችላል፤ ሊያረጋግጡት ግን አልቻሉም። ለፊሸር ግን የተገኘው በቂ ነበር። በ1989 ሚሺጋንን ሻምፒዮን ያደረገው፣ ፋብ ፋይቭን የሰበሰበው አሰልጣኝ በኦክቶበር 1997 ተባረረ። ማርቲንም ወደ ቡድኑ ድርሽ እንዳይል ታገደ። ጋዜጦቹ ሌላ ወሬ ያዙ፤ ነገሩም የተዘጋ መሰለ።

የከፈቱት ስለ ቅርጫት ኳስ ደንታ የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

የፌዴራል መርማሪዎች ዲትሮይት አካባቢ ባሉ የፎርድ ፋብሪካዎች ውስጥ ለዓመታት ሲካሄድ የቆየ ሕገ ወጥ ሎተሪ ይከታተሉ ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። ሠራተኛው ጥቂት ዶላር ከፍሎ ቁጥር ይገምታል፣ የወጣለት ይበላል፣ ያልወጣለት ነገ ደግሞ ይሞክራል። ግብር የለበትም፣ ደረሰኝ የለውም፤ ቤቱ ሁልጊዜ ያተርፋል። በ1999 የማርቲን ቤት ሲፈተሽ የሚፈለገው የዚህ ሎተሪ ገንዘብ ነበር። ግን የቁማር ገንዘብን የሚከታተል መርማሪ አንድ ልማድ አለው፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ ብቻ አያቆምም፣ ወዴት ሄደ ይላል። የማርቲን ገንዘብ የሄደው ወደ ልጆች ነበር። የስፖርቱ መርማሪዎች ሲያንኳኩት የኖሩት በር በጓሮ በኩል ተከፈተ።

እነዚህኛዎቹ ደግሞ ሥልጣኑ ነበራቸው። ጉዳዩ ግራንድ ጁሪ ዘንድ ቀረበ፤ ግራንድ ጁሪ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ለመወሰን ማስረጃ የሚሰማ የዜጎች ሸንጎ ነው። እዚያ ቀርቦ «አልተቀበልኩም» ማለት እንደ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ አይደለም፤ ቃሉ በመሐላ ነው፣ ውሸት ከሆነ ያሳስራል። በኦገስት 2000 ከቀረቡት አንዱ ክሪስ ዌበር ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሳክራሜንቶ ኪንግስ ኮከብ ነው። ከማርቲን ጋር ስለነበረው የገንዘብ ግንኙነት ተጠየቀ፣ ካደ።

ሜይ 2002 ላይ ማርቲን ራሱ ተናገረ። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ለማቅረብ በማሴር ጥፋተኛነቱን ሲያምን ቁጥሩን አንድ በአንድ አስቀመጠው። ለክሪስ ዌበር 280,000 ዶላር። ለሮበርት ትሬይለር 160,000። ለሞሪስ ቴይለር 105,000። ለሉዊስ ቡሎክ 71,000። ድምሩ 616,000 ዶላር። ትሬይለር፣ ቴይለርና ቡሎክ ያን ሌሊት መኪናዋ ውስጥ የነበሩ ናቸው። የዌበር ስም ግን ነገሩን ሁሉ ወደ ኋላ ጎተተው፤ ክፍያው የተጀመረው በ1988፣ ልጁ ገና 15 ዓመቱ እያለ፣ ኮሌጅ የሚባል ነገር ሳያይ ነው።

አጎት ኤድ ታዲያ ለምን ሰጠ? ገንዘቡ ስጦታ ነበር እንዳይባል፣ ልጆቹ ኤንቢኤ ገብተው ሚሊዮን ሲያገኙ ይመልሱልኛል የሚል ተስፋ ነበረው። ብድር ነበር እንዳይባል ውል የለውም፣ ወለድ የለውም፣ ከስድስት ሰባት ልጅ ምናልባት አንዱ ነው የሚሳካለት። ለእኔ ከሁለቱም ይልቅ የራሱ የሎተሪ ጨዋታ ይመስለኛል፤ ቁጥሩ የሰው ልጅ ሆኖ ነው እንጂ። በተጨማሪም ሰውየው ክብር ይወዳል። ታዋቂ ልጆች «አጎቴ» ሲሉት፣ የአሰልጣኙ ትኬት ሲላክለት፣ ፋብሪካ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሽቦ ሲያያይዝ ለኖረ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የገዛ አገሩ ልጆች ላይ ጉዳት ማድረሱ የታየው አይመስልም፤ ምናልባትም አላደረሰም። የጎዳቸው ገንዘቡ ነው ወይስ ገንዘቡን ወንጀል ያደረገው ደንብ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። መዋሸታቸው ግን አያከራክርም።

ዩኒቨርሲቲው ቅጣት እስኪመጣበት አልጠበቀም። ኖቬምበር 2002 ላይ ራሱን ቀጣ፤ ማርቲን ገንዘብ በሰጣቸው በአራቱ ተጫዋቾች የተገኙ ከመቶ በላይ ድሎችን ከመዝገቡ ሰረዘ፣ ከውድድር ያገኘውን 450,000 ዶላር ለመመለስ ተስማማ፣ በዚያ የውድድር ዘመን ከሚደረገው የማጠቃለያ ውድድር ራሱን አገለለ። የ1992 እና የ1993 ባነሮች ከክራይስለር አሬና ጣሪያ ወርደው የዩኒቨርሲቲው ሰነዶች ወደሚቀመጡበት ቤንትሊ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ኤንሲኤኤ በበኩሉ ዩኒቨርሲቲው ከአራቱ ልጆች ጋር ለ10 ዓመት ማንኛውንም ግንኙነት እንዲያቋርጥ አዘዘ። የቀሩት የፋብ ፋይቭ ልጆች፣ ሮዝ፣ ሃዋርድ፣ ኪንግና ጃክሰን፣ ከስማቸው ጎን ምንም ክስ ሳይኖር የወጣትነት ድላቸው አብሮ ተፋቀ።

ዩኒቨርሲቲው ራሱን ከመቅጣቱ ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2002፣ ዌበር ፍትሕን በማደናቀፍና ለግራንድ ጁሪ በመዋሸት ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕግ የተማመነው በማርቲን ምስክርነት ነበር። ማርቲን ግን ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2003 በ69 ዓመቱ፣ የራሱ ቅጣት እንኳ ሳይወሰን ሞተ። ዋናው ምስክር ሲጠፋ ክሱም ላላ። በጁላይ 2003 ዌበር ፍርድ ቤትን በመድፈር ብቻ ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በ1994 ለማርቲን 38,000 ዶላር ገደማ በጥሬ ገንዘብ እንደመለሰለትም ተናገረ። ያልተቀበለውን ገንዘብ የሚመልስ ሰው የለምና፣ ለዓመታት የተፈለገው ማረጋገጫ በዚህች ዓረፍተ ነገር ተጠናቀቀ። ቅጣቱ 100,000 ዶላር ሆነ። በ2021 ስሙ የቅርጫት ኳስ ዝነኞች አዳራሽ ገባ።

መኪናዋ ውስጥ የነበረው ተመልማይ ማቲን ክሊቭስ ሚሺጋንን ትቶ ተቀናቃኙን ሚሺጋን ስቴትን መረጠ፤ በ2000 አምበል ሆኖ ብሔራዊ ሻምፒዮን አደረገው። ለዚያች ሌሊት ምልመላ እንዲህ ያለ ውጤት ከዲትሮይት ሰዎች በቀር የሚስቅበት አይገኝም።

ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተገልብጧል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ጁን 2025 ላይ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠው ጣሪያ፣ ሁሉም ስፖርት ተደምሮ፣ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ማርቲን በአሥር ዓመት ውስጥ ለአራቱ ልጆች ያወጣው ከዚህ ሦስት በመቶ ብቻ ነው። የ1992 ፍጻሜ ግን እስከ ዛሬ በኤንሲኤኤ መዝገብ ላይ፣ በሚሺጋን በኩል፣ እንደተሰረዘ ነው።