ከደመወዝ ሌላ መሥሪያ ቤትዎ ምን ይሰጣል?

አዲስ ሠራተኛ ሆነው መሥሪያ ቤት በገቡበት ዕለት ምን ምን እንደ ተነገረዎ ያስታውሱ ይሆናል። ጠረጴዛዎን፥ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን፥ የአለቃዎንም ቢሮ አሳይተውዎታል። የደመወዝዎን ልክ ከመቀጠርዎ በፊት ያውቁታል። ገና ተማሪ ቢሆኑም ያ ቀን ሩቅ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሕንፃ ውስጥ ለኪስዎና ለቤተሰብዎ የሚረዱ ሌሎች ነገሮች እንዳሉ፥ ማን ዘንድ እንደሚጠየቁና ምን ግዴታ እንደሚያስከትሉ የሚያስረዳ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሠራተኛው የሚሰማቸው ከጐረቤት ጠረጴዛ በሚመጣ ወሬ ነው፤ አንዳንዱም የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

የጳጉሜን ጭንቀት

የወር ደመወዝተኛን ችግር ለማወቅ ከክረምቱ መጨረሻ የተሻለ ወቅት የለም። የአገራችን ዓመት 13 ወር ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ የላትም። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ የተቀበሉት ገንዘብ እስከ መስከረም መጨረሻ፥ ማለትም 35 ቀን፥ አንዳንድ ዓመትም 36 ቀን ሊያደርስዎ ይገባዋል። በእነዚህ ቀኖች ውስጥ የዘመን መለወጫ አለ፤ የልጆች ምዝገባ፥ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፤ ብዙም ሳይቈይ መስቀል ይመጣል። ገና ያላገባ ወጣት እንኳ ቢሆን ባላገር ያሉትን እናትና አባቱን፥ የሚያስተምራቸውንም ታናናሾቹን መርሳት አይችልም። በዓመቱ ረጅሙ ወር ከፍተኛው ወጪ ይወድቃል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ አንዱ ከአራጣ አበዳሪ ደጃፍ ይደርሳል። ሒሳቡን አብረን እንመልከተው። አበዳሪው 3,000 ብር ሰጥቶ በወር ከመቶ 10 ቢጠይቅ፥ የወሩ ወለድ 300 ብር ነው። ተበዳሪው ዋናውን መመለስ ሳይችል ወለዱን ብቻ እየከፈለ አንድ ዓመት ቢቈይ 3,600 ብር ከፍሎ ሳለ 3,000 ብሩ ዕዳ እንዳለ ይጠብቀዋል። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። አራጣም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። ይሁን እንጂ የቸገረው ሰው ሕግ ሊጠቅስ አይሄድም፤ ዛሬውኑ ገንዘብ የሚሰጠውን ይፈልጋል። እንግዲህ ጥያቄው ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ ሊበደር የሚችልበት ቦታ አለ ወይ የሚለው ነው።

ዕቁብና ማኅበር

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው ዕቁብ ነው። በአንድ ክፍል የሚሠሩ 20 ሰዎች በየወሩ አንዳንድ ሺህ ብር ቢያዋጡ፥ ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ይይዛል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ ሰው ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ያበደረ ነው። በእኛ አስተያየት የዕቁብ ትልቁ ጥቅሙ ገንዘቡ ሳይሆን ይሉኝታው ነው፤ ለራሱ መቈጠብ ያቃተው ሰው የባልደረቦቹን ዐይን ፈርቶ ይከፍላል። ጉድለቱ ግን ዕጣው ችግርዎን አይቶ አለመውጣቱ ነው። ልጅዎ በኅዳር ቢታመም ዕቁቡ በሰኔ ሊደርስዎ ይችላል። ዕጣውን ለባሰበት የሚለቁ ደግ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ቢሆንም በሰው ደግነት ላይ የተመሠረተ የቤት ባጀት ረዥም መንገድ አይሄድም።

ሁለተኛው የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በአገራችን የመጀመሪያውን ያቋቋሙት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ሲሆኑ፥ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1964 ነው። ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባለው ጀርመናዊ ከንቲባ ገበሬዎችን ከአራጣ ለማዳን የሄደስዶርፍን የብድር ማኅበር የመሠረተው በ1864 ነበርና፥ ሐሳቡ ከአንድ ትንሽ የጀርመን መንደር ተነሥቶ የአዲስ አበባ አየር ማረፊያ እስኪደርስ ልክ መቶ ዓመት ፈጅቷል።

ይህ ሐሳብ በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሠመረበት ምክንያት ቀላል ነው። አባሎቹ ይተዋወቃሉ፤ ደመወዛቸው በአንድ ቀን ይከፈላል፤ ቁጠባውም እጃቸው ሳይገባ በደመወዝ መክፈያው መዝገብ ላይ ይቈረጣል። ገንዘብ ከእጅ ከገባ በኋላ መቈጠብ ከባድ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

አሠራሩም ይህን ይመስላል። ሲገቡ የመመዝገቢያ ይከፍላሉ፤ ዕጣ ይገዛሉ። ይህ ዕጣ እንደ ዕቁቡ የሚወጣ ሳይሆን በማኅበሩ ሀብት ላይ ያለዎት ድርሻ ነው። ከዚያ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይቈረጥልዎታል። ጥቂት ወራት ከቈጠቡ በኋላ፥ እንደየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፥ የቁጠባዎን ያህል እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ መበደር ይችላሉ። ወለዱ የሚመለሰው ለማኅበሩ ነው፤ ከወጪና ከመጠባበቂያ የተረፈውም በዓመቱ መጨረሻ ለአባላቱ ይከፋፈላል። በጠቅላላ ጉባኤ ብዙ ዕጣ የገዛው ሥራ አስኪያጅና አንድ ዕጣ የገዛው ተላላኪ እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንገቱን የሚደፋው ታናሽ ሠራተኛ አለቃውን ስለ ሒሳብ መጠየቅ የሚችልበት ቀን ቢኖር ይህ ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ወጣቶች ከጉባኤው ቀርተው በማግሥቱ በክበብ ውስጥ ማጉረምረማቸው ነው።

ክበብ ካልን ዘንድ አንድ ነገር እናክል። የሠራተኞች ክበብ ሻዩንና ምሳውን ከውጭው ባነሰ ዋጋ ማቅረቡ ትልቅ እርዳታ ነው። የዱቤ ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በዱቤ የተጠጣ ማኪያቶ ዋጋው ዝቅተኛ አይመስልም፤ ጭራሽ ዋጋ ያለው አይመስልምና።

የቁጠባ ነገር ሲነሣ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባም። ባለፉት ዓመታት የዕቃ ዋጋ ቁጠባ ከሚያስገኘው ወለድ ይበልጥ በፍጥነት ሲጨምር ኖሯል። በማኅበሩ የተቀመጠ ብር ለአሥር ዓመት ዝም ብሎ ቢቀመጥ የሚገዛው ዕቃ ያንሳል። ስለዚህ ማኅበሩን ሀብት ማከማቻ አድርገው አይዩት። የሚጠቅመው ለድንገተኛ ችግር መድረሻ፥ ጳጉሜንን መሻገሪያ፥ ወይም በአንድ ጊዜ የሚገዛ የሚጠቅም ዕቃ ማግኛ ሲሆን ነው።

የዋስ ፊርማ

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ። ማኅበሩ ሲያበድር ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሶቹም አብዛኛውን ጊዜ ባልደረቦች ናቸው። አንድ ቀን ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፥ በሥራ ተይዘው ሳለ፥ የቅርብ ጓደኛዎ አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። «እዚህ ላይ ብቻ ፈርምልኝ» ይላል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ሳያነቡ ይፈርማሉ።

ባልደረባዎ ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሥራ ሊለቅ፥ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ፥ ሊታመምም ይችላል። የእርሱ ደመወዝ በቆመበት ወር የእርስዎ ደመወዝ መቈረጥ ይጀምራል። ሚስትዎ ወይም ባልዎ ስለዚህ ነገር የሚሰሙት የወሩ አስቤዛ ሲጐድል ነው። እኛ እንደምናየው በቤት ውስጥ ጠብ የሚያስነሣው የገንዘቡ መጉደል ብቻ አይደለም፤ ፊርማው ተደብቆ መቈየቱ ይብሳል።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱን ያንብቡ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበት፥ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይከስ በቀጥታ ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ይህ ቃል የሌለበት ተራ ዋስትና ሲሆን ግን በመጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት እንዲጠየቅ መከራከር ይችላሉ። ጓደኛዎን ሦስት ነገር መጠየቅም ነውር አይደለም፤ የብድሩ ልክ ስንት ነው? በማኅበሩ ያለህ ቁጠባ ስንት ነው? ሌላው ዋስ ማን ነው? የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥር በእርስዎና በሌላው ዋስ ትከሻ ላይ ያለው ሸክም ነው። ያንን ቁጥር ማታ ለቤተሰብዎ ሊናገሩት የማይደፍሩ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል።

ሌላ ማወቅ የሚገባዎ ደንብ አለ። በ2011 ዓ. ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት፥ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሢሶ መብለጥ የለበትም። 10,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ይህ 3,333 ብር ገደማ ነው። ሕጉ ጣሪያውን አስቀመጠ እንጂ እስከ ጣሪያው ይበደሩ አላለም።

ጊዜም ደመወዝ ነው

እስካሁን ስለ ብር ብቻ ተናገርን። መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ሌላው ነገር ጊዜ ነው፤ ይህንንም እንደ ገንዘብ የሚቈጥር ሠራተኛ ጥቂት ነው። ከላይ በጠቀስነው አዋጅ አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከነደመወዙ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለቱ ዓመት አንድ ቀን ይጨመርለታል። የምትወልድ ሴት ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። አባትየው ሦስት ተከታታይ ቀን ያገኛል። ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞትም ሦስት የሥራ ቀን አለ።

የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሌላ ነው። በ2010 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ለአዲስ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን፥ ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ነበር። በ2017 ዓ. ም. ግን በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ስለዚህ የድሮውን ቁጥር ከሰው አፍ ሰምተው አይቀመጡ፤ አዲሱን አዋጅ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቀው በራስዎ ዐይን ያንብቡ።

ዓመት ፈቃድን በተመለከተ የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ በቤተሰብ ተማክረው ያውጡት። የመንግሥት የባጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራልና፥ የፈቃድ ፕሮግራም ሲጠየቅ ብዙ ወጣት የመጣለትን ወር ይሞላል። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኞች ቢሆኑና ልጅ ቢኖራቸው ግን፥ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት አንዱ በሐምሌ፥ ሌላው በነሐሴ ቢወጣ ልጁን የሚይዝ ሰው ለመቅጠር የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል። ይህ በደመወዝ መዝገብ ላይ የማይታይ ጭማሪ ነው።

የ2010ሩ አዋጅ ካመጣቸው መልካም ነገሮች አንዱ፥ እናቶች ጡት የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲቋቋም ማዘዙ ነበር። በበርካታ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችም ተከፍቷል። አንዲት ጸሐፊ በዐሥር ሰዓት ሻይ ፈንታ ፎቅ ወርዳ ልጇን አጥብታ መመለስ ስትችል፥ ልቧ ቤት ከቀረች እናት ይልቅ ሥራዋም ቀና ይላል። የሚገርመው ግን ማቆያው የእናቶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቈጠሩ ነው። ሚስቱ ማቆያ በሌለበት ድርጅት የምትሠራ አባት፥ የእርሱ መሥሪያ ቤት ልጁን ይቀበል እንደ ሆነ ለምን አይጠይቅም? ይቻላል ወይም አይቻልም የሚለውን መልስ ለማግኘት የሚያስፈልገው አንድ ማመልከቻ ነው።

የመጨረሻው መስመር

በደመወዝ መዝገቡ ላይ ከስምዎ ትይዩ «ጡረታ» የሚል ዓምድ አለ። ወጣት ይህን እንደ ጠፋ ገንዘብ ያየዋል። በ2014 ዓ. ም. በወጡት የጡረታ አዋጆች፥ ለመንግሥትም ሆነ ለግል ድርጅት ሠራተኛ፥ ከደመወዙ ከመቶ 7 ይቈረጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከመቶ 11 ያክላል። በ10,000 ብር ደመወዝ ላይ የእርስዎ 700፥ የአሠሪዎ 1,100፥ ጠቅላላ በየወሩ 1,800 ብር ይገባል። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው 60 ሲደርስ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አበል ይከፈለዋል።

ገና 25 ዓመት ለሆነው ሰው 60 ዓመት ተረት ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ገንዘብ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው በድንገት ቢሞት ለባል ወይም ለሚስት፥ ለትንንሽ ልጆች፥ ይረዳቸው ለነበሩ ወላጆችም የሚደርስ ድርሻ አለ። ይህም እንዲሆን የቤተሰቡ ስም በፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት። ሲቀጠር ላጤ የነበረ ሰው አግብቶ፥ ሁለት ልጅ ወልዶ፥ ፋይሉ ግን ዛሬም «ያላገባ» ይላል። ሰውየው በሕይወት ሳለ በአንድ ቀን የሚያልቀው ጉዳይ ከሞተ በኋላ መበለቲቱን ልጅ አዝላ በፍርድ ቤትና በጡረታ መሥሪያ ቤት መካከል ወራት ያመላልሳታል። የጋብቻውን የምስክር ወረቀትና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጅ ይዘው ሰው ሀብት ክፍል ይሂዱ፤ ጸሐፊዋ ፋይሉን አውጥታ እርስዎ ፊት እንድታያይዘው ይጠብቁ።