የተመታ ፍሬ መዓዛው የት ይሄዳል?

ልጆች፣ ቲማቲም ሲቆረጥ አሽታችሁት ታውቃላችሁ? አንዳንዱ ደስ የሚል መዓዛ አለው፤ ሌላው መልኩ ቀይ ሆኖ ሽታም ጣዕምም የለውም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዘሩ፣ ያለጊዜው መለቀሙ፣ ፍሪጅ ውስጥ መክረሙ። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ምክንያትም አለ፤ ከተለቀመ በኋላ መመታቱ።

ለሩቅ ገበያ የሚሄድ ቲማቲም ብዙ ጊዜ የሚለቀመው ገና አረንጓዴ ሳለ ወይም መቅላት ሲጀምር ነው። ጠንካራ ስለሚመስል ይወረወራል፣ ይወድቃል። ከውጭ ምንም ላይታይበት ይችላል። ሲበስል ግን ዘሩን የከበበው ዝልግልግ ነገር በደንብ አይቀላም፤ ደፍርሶ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል። በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ የተደረገ ምርምርም እንዲህ የተመታ ቲማቲም መዓዛ ካልተመታው እንደሚለይ አሳይቷል።

ለምን? ፍሬ የተሠራው ከጥቃቅን ሕዋሳት ነው። በየሕዋሱ ውስጥ ኢንዛይሞችና ሌሎች ነገሮች ልክ እንደ ቤት ክፍሎች ተለያይተው ይቀመጣሉ። ፍሬው ሲመታ ግድግዳው ይፈርስና ሁሉም ይደባለቃል። አፕል ሲመታ ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ኢንዛይሙ ከኦክስጅን ጋር ይገናኛል። ከፍሬው ቅባትም የታጨደ ሣር የሚመስል ሽታ ይወጣል። ሲቆይ ደግሞ እርሾ ይገባበትና ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል፤ ያኔ ጠጅ ጠጅ ይላል።

ጉዳቱ ለጎረቤትም ይተርፋል። የተመታ ፍሬ ኢትሊን የሚባል ጋዝ በብዛት ስለሚያወጣ አጠገቡ ያሉት ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ቶሎ ይበስላሉ፣ ቶሎም ይበላሻሉ።

እቤት ምን እናድርግ?

• ከሱቅ ስትመለሱ ድንቹንና ጣሳውን ከታች፣ ፍሬውን ከላይ አድርጉ።
• የተመታውን ለይታችሁ ዛሬውኑ ብሉት።
• ያልበሰለ ቲማቲም ፍሪጅ አታስገቡ።
• የሻገተ አፕል ለልጆች ጁስ አይሁን። ሻጋታው ፓቱሊን የሚባል መርዝ ሊያመርት ይችላል፤ ማፍላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።
• ማንጎ መብሰሉን ለማወቅ አትጭመቁት፤ ሌላ ሰው ነው የሚገዛው! ከዛፉ ጋር ተያይዞ በነበረበት በኩል አሽቱት።

ልጆች፣ ሞክሩት!

ሁለት ተመሳሳይ አፕል ውሰዱ። አንዱን ከጠረጴዛ ከፍታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጣሉት። በማግስቱ እማዬ ወይም አባዬ ሁለቱንም ይቁረጡላችሁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሽቱ። የተመታው የትኛው ነው?