ፈጣን፣ ችኩል፣ ድንገተኛ፦ በወረኢሉ ዘመቻ የሚለዩ የእንግሊዝኛ ቃላት

እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ፣ ወረኢሉም ይሁን መካነ ሰላም፣ «ፋስት»፣ «ኩዊክ»፣ «ሄስቲ» እና «ሰደን» የሚሉትን ቃላት ደብተሩ ላይ ደርድሮ ለሁሉም «ፈጣን» የሚል አንድ ፍቺ ሲሰጣቸው ይታያል። ስህተቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ተማሪው አድጎ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ዜና ሲተረጉም ወይም ታሪክ ሲያነብ ምስጋናውን ወቀሳ፣ ወቀሳውን ምስጋና ያደርግበታል። ልዩነቱን ለማስረዳት ከ1888 ዓ.ም የአድዋ ዘመቻ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዘመቻው ደግሞ በወረኢሉ በኩል ያለፈ ነው።

ተረት፦ «ሄስቲ» ማለት በጣም ፈጣን ማለት ነው።

«ፋስት» የሚናገረው ስለ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ በስንት ጊዜ ምን ያህል ተኬደ፣ ምን ያህል ተሠራ። «ሄስቲ» ግን ፍርድ አለበት። ሰውየው ማሰብ ያለበትን ሳያስብ፣ ማሰናዳት ያለበትን ሳያሰናዳ ተነሳ ማለት ነው። አማርኛችን ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀዋል፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንላለን እንጂ የፈጠነ አፍሶ ለቀመ አንልም።

ስለ አድዋ ዘመቻ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ወሬም ይህንኑ ስህተት ይደግማል። ጣልያን ድንገት መጣ፣ ነጋሪት ተጎሰመ፣ ሕዝቡ ከያለበት ተነስቶ ሮጠ ይባላል። እንዲህ አልነበረም። የጠቡ መነሻ የሆነው ውል የተፈረመው እዚያው ወሎ ውስጥ፣ አምባሰል ውጫሌ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የ17ኛው አንቀጽ የጣልያንኛ ቅጂ አገራቸውን የጣልያን ጥገኛ እንደሚያደርግ ሲያውቁ ተቃውሟቸውን በደብዳቤ ገለጹ፤ ውሉን ጨርሰው የሻሩት ግን በ1885 ዓ.ም ነበር። በመካከሉ አገሪቱ ክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ገበሬው ያለ በሬ ቀርቶ፣ ሰው በረሃብ እየረገፈ ሳለ ጦር ማዝመት የማይታሰብ ነው። በእነዚያ ዓመታት መሣሪያ እየተገዛ ተከማቸ፤ አገሩም ቀስ በቀስ አገገመ።

የክተት አዋጁ የወጣው መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም ነው። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ታዘዘ። ይህች ቀጠሮ ብዙ ነገር ታሳያለች። በጥቅምት ዝናቡ አባርቷል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ መንገዱ ደርቋል፤ ከአዋጁ እስከ ቀጠሮው ያለው ጊዜ ደግሞ ዘማቹ ስንቁን አሰናድቶ፣ በቅሎውን ጭኖ ለመነሳት ይበቃዋል። ወረኢሉም በአጋጣሚ የተመረጠች አይደለችም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የቆረቆሯት የጦር ሰፈር ስለነበረች፣ ከሸዋ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ጦር መሰብሰቢያ ትመቻለች። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነስተው በዚያው ወር ወረኢሉ ገቡ። ጦሩ በእግርና በበቅሎ ተጉዞ ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ አሸነፈ፤ በጥር መቀሌን ያዘ፤ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ድል አደረገ። ይህን ያህል ሰው ይህን ሁሉ ተራራ በአምስት ወር ባልሞላ ጊዜ መሻገሩ «ፋስት» ነው። «ሄስቲ» ብሎ የሚጽፍ ግን የዓመታቱን ዝግጅት ይክደዋል።

ተረት፦ ቀስ ያለ ሰው ችኩል ሊሆን አይችልም።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ይመስለኛል፤ መልሱም ያለው በጣልያኖቹ በኩል ነው። ጄኔራል ባራቲየሪ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጦ ለብዙ ቀናት ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል። ስንቁ እያለቀ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ የካቲት 18 ቀን የሚያዋርድ ቴሌግራም ላከበት። ከሦስት ቀን በኋላ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲያማክር እንዋጋ አሉት። በማግስቱ ሌሊት፣ አገሩን በትክክል በማያሳይ ንድፍ ካርታ፣ በማያውቁት ገደላገደል ጦሩን አስጓዘ። አልቤርቶኔ የተባለው ጄኔራል የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ተብሎ የተነገረው ቦታ የትኛው እንደሆነ ተምታቶበት ከጓደኞቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ፤ ሲነጋ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተጋጠመ። ውሳኔው ከብዙ ቀን ማመንታት በኋላ የመጣ ነው፤ ሆኖም እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሄስቲ» ከማለት አያመነታም፤ ምክንያቱም ቃሉ የሚመዝነው ጥንቃቄውን እንጂ የወሰደውን ጊዜ አይደለም።

ተረት፦ «ሰደን» የፍጥነት ጥግ ነው።

«ሰደን» በዋናነት የሚናገረው ስለ ፍጥነት አይደለም። የሚናገረው ስላልጠበቀው ሰው ነው፤ የእኛው «ድንገት»። ስለዚህ አንዱ ድርጊት ለአንዱ ድንገተኛ፣ ለሌላው የታወቀ ሊሆን ይችላል። የባራቲየሪ የሌሊት ጉዞ ለኢትዮጵያውያኑ ድንገተኛ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ግን አልሆነም፤ ጦሩ በጊዜ ነቅቶ ጠበቀው። ለአልቤርቶኔ ግን የዚያ ጠዋት ግጥሚያ በእውነት «ሰደን» ነበር።

ከ«ሰደን» ጋር የሚምታታው «አብራፕት» የሚባለው ቃል ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን በመሠረቱ ተሰብሮ የተቋረጠ ማለት ነው፤ በሂደት ላይ የነበረ ነገር መሐል ላይ ሲበጠስ፣ ሰው ንግግሩን ቆርጦ ሲነሳ ይነገራል። ስለ 17ኛው አንቀጽ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ የነበረው ንግግር በ1883 ዓ.ም ተቋርጦ የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ አኩርፎ መሄዱ «አብራፕት» ነው። «ሰደን» ግን አይደለም፤ ጠቡን ለሚከታተል ሰው ያልተጠበቀ አልነበረምና።

ተረት፦ እነዚህ ቃላት ከጥንትም የፍጥነት ቃላት ናቸው።

አይደሉም። «ፋስት» በጥንቱ እንግሊዝኛ የጸና፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር፤ ዛሬም ማሰርን የሚያመለክተው «ፋስን» የወጣው ከዚያ ነው። «ኩዊክ» ሕያው ማለት ነበር። «ስፒድ» ደግሞ መሳካት፣ መቅናት። «ሄስት» ግን የኃይልና የግፊት ትርጉም ካለው የጀርመናውያን ሥር የመጣ ነው፤ ክፉ ስሙም ከዚያው ሳይጀምር አልቀረም።

መምህራን ሆይ፣ በሰሌዳው ላይ ከቃሉ አጠገብ አንድ ፍቺ ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ልጁን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስንት ጊዜ ወሰደ? ታስቦበታል? ሰው ጠብቆት ነበር? የመጀመሪያው ጥያቄ «ፋስት»ን፣ ሁለተኛው «ሄስቲ»ን፣ ሦስተኛው «ሰደን»ን ያወጣለታል። በሽተኛን ከወረኢሉ ወደ ደሴ ሆስፒታል በፍጥነት ያደረሰን አምቡላንስ ነጂ «ሄስቲ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ሊያመሰግነው ፈልጎ ሰድቦታል።