አሮጌውን አውቶሞቢል በቤት ስለ መጠበቅ

አባቶቻችን ረዥም መንገድ ሊሄዱ ባሰቡ ጊዜ አስቀድመው በቅሎዋን ይመረምሩ ነበር። ሰኮናዋን አንሥተው ጠጠር እንዳልገባበት፥ ጀርባዋን ዳብሰው ገጣባ እንዳልወጣባት፥ ልጓሙንና እርካቡን ስበው እንዳልላላ ካዩ በኋላ ነበር ከደጅ የሚወጡ። ሎሌ ሞልቶላቸው ሳለ ይህን በራሳቸው ዓይን ማየታቸው፥ በገደል አፋፍ ላይ በቅሎዪቱ የምትሸከመው የጌታዋን ነፍስ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ የበቅሎን ቦታ አውቶሞቢል ወስዶታል። ጥንቃቄው ግን ከበቅሎዪቱ ጋራ በበረት የቀረ ይመስላል፤ ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን በዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ ቤንትሊ በተባለ እንግሊዛዊ አማካይነት ነው። ያን ጊዜ ለዓይን ድንቅ የነበረው ነገር አሁን የብዙ ቤተ ሰብ ንብረት ሆኗል። ነገር ግን አዲሱን መግዛት ለሁሉ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ አገር በሚመጡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። እንግዲህ በየግቢው የቆመው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይፈለጋል፤ ዕድሜውን የሚያረዝመውም የባለቤቱ ትጋት ነው።

ወደ ጎጃም ሄደን በደብረ ወርቅ በአንድ ሽማግሌ ቤት በእንግድነት ባረፍን ጊዜ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ አገኘን። ከተማዪቱ በእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን የታወቀች፥ ከደጀን በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ናት። ሽማግሌው አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ ማለዳ፥ ሞተሩ ሳይነሣ፥ ኮፈኑን ከፍተው ታናሺቱን ልጃቸውን የእጅ መብራት አስይዘው ይመረምሩታል። ሥራው ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ምክንያቱን በጠየቅናቸው ጊዜ «አባቴ በቅሎውን ሳያይ ከደጅ ወጥቶ አያውቅም፤ እኔም እንዲሁ ነው» አሉን። የምርመራቸውን ተራ ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

መጀመሪያ የሞተሩ ዘይት ይታያል። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፥ የመለኪያው ዘንግ ተመዝዞ በጨርቅ ይጠረግና ተመልሶ ከገባ በኋላ እንደ ገና ይመዘዛል፤ ዘይቱም በሁለቱ ምልክቶች መካከል መገኘት አለበት። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ እንደ ሆነ ውሃ መግባቱን ያመለክታልና፥ ሞተሩ ሳይነሣ መካኒክ ይጠራል። በአሮጌ ሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ራዲያተሩ ነው። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፥ አየሩ በሳሳበት በደብረ ወርቅ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ያህል ይፈላል። ስለዚህ የደጋ ሰው ውሃው እንዳይጎድል፥ ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የክዳኑ ጎማም እንዳይሰነጠቅ ከቆላ ሰው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን ያቃጥላል። ከዚህ አያይዞ ቺንጋው እንዳልላላና እንዳልተሰነጠቀ በጣት ተጭኖ ማየት ነው።

ሦስተኛው የመኪናው ባትሪ ነው። በራሱ ላይ የሚወጣው ዝገት ለብ ባለ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል። ሽቦው ሲፈታ አስቀድሞ የኔጌቲቩ፥ ሲታሰር ግን በመጨረሻ የኔጌቲቩ ነው። ቢጎድልም የሚጨመርበት በሱቅ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ እንጂ የምንጭ ውሃ አይደለም። በውስጡ ያለው አሲድ ሥጋንና ልብስን ስለሚበላ፥ በዚህ ጊዜ ሕፃናት ራቅ ብለው ይቁሙ።

አራተኛው ጎማ ነው። ንፋሱ የሚለካው በማለዳ፥ ጎማው በመንገድ ሳይሞቅ ነው። በትርፍ የተቀመጠው ስኮርታም ሊረሳ አይገባውም፤ በጭንቅ ጊዜ የሚፈለግ እርሱ ነውና።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበትን የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። በፈላም ጊዜ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፥ መኪናው ግን አይቆምም። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስለወጥ፥ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ ይገባል። ደግሞም በብዙ አሮጌ መኪናዎች ለአራቱም እግር የፍሬኑ መሥመር አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ በአንዱ በኩል ቢያፈስ አራቱም ይሰንፋሉ።

እኛ በዚያ ቤት ሳለን፥ በአዲስ አበባ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው ሕፃኑን በመጪው እሑድ ክርስትና ሊያስነሣ ስለ ነበረ፥ ቤተ ሰቡ ዓርብ ማለዳ ሊጓዝ ተዘጋጅቶ ነበር። ማሩና ቅቤው ተጭኗል፤ ልብሱም ታጥቧል። ሐሙስ ማለዳ ልጂቱ የፍሬኑን ዘይት ክዳን ከፍታ «አባባ፥ ካለፈው ሳምንት ይልቅ ጎድሏል» አለች። ሽማግሌው ተንበርክከው ቢያዩ በአንደኛው የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል እርጥበት አገኙ። ወይዘሮይቱም «በላዩ ጨምረው አይሄዱምን? የልጅ ልጅዎ ክርስትና አንድ ጊዜ ነው» አሏቸው። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው «የጎደለው ወዴት እንደ ሄደ ሳላውቅ እናንተን ይዤ ዓባይ አልወርድም» አሉ።

በማግሥቱ ወይዘሮይቱና ልጆቹ በአውቶቡስ ሄዱ፤ እርሳቸው መኪናውን ሊያሠሩ ቀሩ። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ቢያይ በፍሬኑ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ላስቲክ ተበልቶ ተገኘ። መለዋወጫው ከደብረ ማርቆስ እስኪመጣ ማክሰኞ ደረሰ፤ አያትም የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሳያዩ ቀሩ። ኀዘናቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር፤ ሆኖም በመቅረታቸው አልተጸጸቱም። የተጸጸቱት በሌላ ነገር ነው፦ «ረዥም መንገድ ባለበት ሳምንት ሰኞም ማየት ነበረብኝ። ሰኞ አይቼው ቢሆን ኖሮ ዓርብ ሳይደርስ ይሠራ ነበር» አሉን።

እኛም ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። ምርመራ በዋዜማ ሲሆን ከአደጋ ያድናል፤ ሦስት አራት ቀን ቀድሞ ሲሆን ግን ከአደጋም ያድናል፥ ከጉዳይም አያስቀርም። በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ የቀሩትን ቀኖች የሚመረምር ባለቤቱ ነው። ያየውንም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጨምሮ በደብተር ቢጽፍ፥ እንደዚያች ልጅ የዛሬውን ካለፈው ጋራ አስተያይቶ ጉድለቱን ፈጥኖ ያውቃል።

ነገር ግን ማየት የባለቤቱ ሲሆን፥ ፍሬንንና መሪን ፈትቶ መጠገን የባለሙያ ሥራ ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና በታች ማንም አይግባ። የወጣውም አሮጌ ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ይቀመጥ እንጂ በግቢ ወይም በወንዝ ዳር አይፍሰስ፤ ምድርንና ውሃን ያበላሻልና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። የቤት ጌታም ሆነ እመቤት በሳምንት አንዲት ሩብ ሰዓት ለዚህ ቢሰጡ፥ ልጆቻቸውንም ጠርተው ቢያሳዩ፥ ዓባይን በሚወርዱበት ቀን ልባቸው ያረፈ ይሆናል።