ጀልባዋ የት ተሠራች? የማንንስ ሰንደቅ ዓላማ ታውለበልባለች?

በደማምና በኾበር የባሕር ዳርቻ ሰው ጭነው የሚወጡ ትንንሽ ጀልባዎች ዛሬ ባብዛኛው ከፋይበርግላስ የተሠሩ ናቸው። ቀድሞ ግን የባሕረ ሰላጤው ጀልባ ከህንድ በሚመጣ እንጨት፣ «ቀላፍ» በሚባሉ ባለሙያዎች እጅ ይሠራ ነበር። ይህ ለውጥ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ በአንድ አገር ጠረፍ መንገደኛ የምታመላልስ ጀልባ የግድ በዚያው አገር መሠራት ይኖርባታልን?

የአገሮች መልስ ይለያያል። አሜሪካ በ1886 ባወጣችው ሕግ በራሷ ወደቦች መካከል መንገደኛ ማጓጓዝን ለአገር ውስጥ መርከቦች ብቻ የተወ ሥርዓት ዘርግታለች፤ በውጭ አገር የተሠራ ጀልባም ከዚህ ሥራ ይታገዳል። ነገር ግን ከ12 የማይበልጥ መንገደኛ ለሚይዝና ከተሠራ ቢያንስ 3 ዓመት ለሞላው ጀልባ ባለቤቱ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን፣ ጥቅማችን ይነካል የሚሉ የአገሬው ጀልባ ሠሪዎችና አጓጓዦች ተቃውሞ የማቅረብ መብት አላቸው።

የሳዑዲ ዓረቢያ መንገድ ሌላ ነው። በ1440 ዓመተ ሂጅራ በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር መ/33 የወጣው የንግድ ባሕር ሕግ በመንግሥቱ ወደቦች መካከል የሚደረገውን የጠረፍ ጉዞ የሳዑዲ ዜግነት ላላቸው መርከቦች ይሰጣል፤ ሌሎች የሚሠሩት በፈቃድ ነው። እዚህ ላይ ሚዛን የሚደፋው የባለቤቱ ዜግነትና ምዝገባው እንጂ የተሠራችበት ስፍራ አይደለም። ከኾበር ወደ ባሕሬን መሻገር ግን ከአገር መውጣት በመሆኑ የጠረፍ ጉዞ አይባልም።

ሁለቱም መንገዶች ዋጋ ያስከፍላሉ። «እዚሁ ይሠራ» የሚለው ሕግ የእጅ ባለሙያውን ከገበያ ፉክክር ሲጠብቅ፣ አነስተኛ ካፒታል ላለው ባለ ጀልባ ግን ዋጋውን ያንርበታል። ሰንደቅ ዓላማን የሚያስቀድመው ሕግ ለገዢው ምርጫ ሲያሰፋ፣ የቀላፉን ሙያ ከመጥፋት አይታደገውም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎቻችንም ሩቅ አይደለም። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ በሚቀዘፍበት በጣና ሐይቅ ላይ፣ ከጂቡቲ ወደብ በየብስ ተጓጉዛ ባሕር ዳር የደረሰችው «ጣናነሽ ፪» የውጭ አገር ሥራ ናት።

ለተሳፋሪው ግን ከሁሉ የሚቀድመው ደኅንነቱ ነው። ከመሳፈር በፊት ጀልባዋ ፈቃድ እንዳላት፣ ከተፈቀደላት ቁጥር በላይ ሰው እንዳልጫነች፣ ለሕፃናት ጭምር የሚበቃ የሕይወት አድን ሰደርያ መኖሩንም መጠየቅ ተገቢ ነው።