ቆሞ ያደረ መኪና ባትሪውን ምን ይጨርስበታል?

ነጋዴ ዕቃው በመጋዘኑ፣ ገንዘቡ በባንክ፣ መኪናው በግቢው ውስጥ መኖሩን አረጋግጦ ሲተኛ ሁሉም በየቦታው ያለ ይመስለዋል። በእርግጥም ዕቃው አይቀንስም፤ ገንዘቡም ያለ ፊርማ አይወጣም። መኪናው ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ በሩ ተዘግቶ በቆመበት ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ ሊያድር ይችላል። የሚያወጣውም ባለቤቱ በማያየው መንገድ ጥቂት በጥቂት ስለ ሆነ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ጭነት ተጭኖ ካበቃ በኋላ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞርና ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ሲል ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው መካኒክ አይደለም። እኔ በጎንደር ከተማ በአንድ የንግድ ቤት ጸሓፊ ነኝ፤ ሥራዬም ደረሰኝ መቁረጥ፣ ደብዳቤ ማዘጋጀትና የዱቤ መዝገብ መያዝ ነው። ስለ ባትሪ ለመማር የተገደድሁት አንድ ቀን የአንድ ሰው የስንብት ደብዳቤ እንድጽፍ በመታዘዜ ነው።

መኪናችን የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። ሳሙና፣ ዘይት፣ ስኳርና ጨርቅ ጭኖ ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ይወጣል፤ ሲመለስ ገብስና ባቄላ ይዞ ይወርዳል። በጥምቀት ሰሞን ከከተራ ጀምሮ እስከ ጥር 12 ቀን ድረስ የጎንደር መንገድ የታቦትና የሕዝብ ስለሚሆን፣ መኪናችን ከጥር 10 ማለዳ ጀምሮ ከግቢ አልወጣም ነበር። ጥር 13 ቀን ንጋት ላይ ለደባርቅ የተዘጋጀውን ጭነት ጭነን ስናበቃ አልነሣ አለ። የሠፈር ጎረምሳ ተሰብስቦ ገፍቶ አስነሣው፤ በዓሉ ነው፣ ብርዱ ነው ተባለና ታለፈ።

በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና እንደዚያው ሆነ። አሠሪዬም ባትሪው አርጅቷል ብለው አዲስ ገዙ። አዲሱ ባትሪ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ሰኞ ጠዋት ግን እርሱም ሞቶ ተገኘ። እንግዲህ ያረጀ ባትሪ በየሳምንቱ ሰኞ ሊሞት ይችል ይሆናል፤ አዲስ ባትሪ እንዲህ ሲያደርግ ግን ሰው ሰውን መጠርጠር ይጀምራል። ጥርጣሬውም በዘበኛችን ላይ ወደቀ። ጎጆአቸው ከመኪናው ማቆሚያ አጠገብ ናት፤ ሌሊት ሬድዮ ይሰማሉ፤ የእጅ ስልክም አላቸው። «በመኪናው ባትሪ ሬድዮ እያሰማ፣ ስልክ እየሞላ ነው ያከሠረኝ» አሉ አሠሪዬ፤ የስንብቱንም ደብዳቤ እስከ ማታ አዘጋጅቼ እንዳቀርብ አዘዙ።

ደብዳቤውን ከመጻፌ በፊት ሽማግሌውን ጠርቼ፣ «አባቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኋቸው። «ልጄ፣ የዚህ መኪና ኮፋኖ በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም» ብለው ዝም አሉ። ሌላ መከላከያ አልነበራቸውም።

እኔም የማውቀው ሂሳብ ብቻ ስለ ሆነ ሂሳቡን ያዝሁ። በባትሪው ጎን ላይ «70» የሚል ቍጥር ተጽፏል፤ ይኸውም 70 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። በግምት ሲነገር፣ አንድ አምፔር በየሰዓቱ ቢወጣበት ለ70 ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ሁለት ቢወጣበት ለ35 ሰዓት። በዚህ ሚዛን የእጅ ስልክን ከባዶ እስከ ሙሉ ለመሙላት የሚወጣው ሁለት አምፔር ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ትንሿ ሬድዮ ደግሞ በሁለት ደረቅ ባትሪ ድንጋይ ብዙ ሌሊት የምትሠራ ስለ ሆነች ወጪዋ ከመዝገብ የሚገባ አይደለም። ሽማግሌው በሁለት ሌሊት ሁለት ጊዜ ስልካቸውን ሞልተው ቢሆን እንኳ ከ70 ውስጥ የሚጎድለው አራት ወይም አምስት ነው። የጠፋው ግን ብዙ ነበር። ይህን በወረቀት አድርጌ ለአሠሪዬ አቀረብሁና ደብዳቤው ለሁለት ሳምንት እንዲቆይልኝ ለመንሁ። ቁጥር የሚያከብሩ ሰው ስለ ሆኑ ፈቀዱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። እርሱ ያደረገውን ሁሉ ከጎኑ ቆሜ በማስታወሻዬ ስለ ጻፍሁ፣ መኪና ያለው አንባቢ እንዲጠቀምበት በቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ ባትሪውን ለብቻው ፈተነ። ሙሉ ለሙሉ ከሞላው በኋላ የኔጋቲቩን ገመድ ነቅሎ አሳደረው፤ ጠዋት በቴስተር ሲለካው 12.6 ቮልት አሳየ። ደኅና ባትሪ ሞልቶ ካረፈ በኋላ ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል ማለት ነው፤ 12 ከደረሰ የቀረው ሩብ ያህል ነው። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ በራሱ የሚወርድ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የባትሪው በሆነ ነበር። የእኛ ግን ከመኪናው ሲለይ ጤነኛ፣ ከመኪናው ጋር ሲያድር በሽተኛ ነው። ስለዚህ ሌባው በመኪናው ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ቴስተሩን ወደ 10 አምፔር መለኪያው አዙሮ፣ ቀዩን ሽቦ በዚያው ቀዳዳ ሰክቶ፣ በተነቀለው የኔጋቲቭ ገመድና በባትሪው ራስ መካከል አገባው። ከመኪናው ወደ ባትሪው የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ሁሉ አሁን በመለኪያው ውስጥ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት ወይም የፊት መብራት ለማብራት መሞከር ክልክል ነው፤ የመለኪያው ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል። በሩም ክፍት ከሆነ የውስጡ መብራት ስለሚቆጠር፣ ዘበኛችን የበሩን መብራት ማጥፊያ በጣታቸው ተጭነው እንዲይዙ ተደረገ። በተከሰሱበት ጉዳይ ላይ ምስክር ሆነው መቆማቸው ሳያስደስታቸው አልቀረም። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ኮምፒዩተሮቻቸው እስኪያርፉ ድረስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የተሳሳተ ቁጥር ይነበባል።

ቆሞ ያለ መኪና ለሰዓቱና ለመሰል ነገር ከ0.02 እስከ 0.05 አምፔር ቢወስድ ነውር የለበትም። በ0.05 ሂሳብ የ70ውን ባትሪ ግማሽ ለመጨረስ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። የእኛ ቴስተር ግን ያነበበው 0.86 ነበር። ሂሳቡን እዚያው ሠራሁት፤ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት 41 ሰዓት ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚወጣው 35 አምፔር ሰዓት፣ ይኸውም የባትሪው ግማሽ ይሆናል። በጥምቀቱ ሦስት ሌሊት 62 ገደማ ወጥቷል፤ ባዶ ቀረ ማለት ይቻላል። በሥራ ቀን ግን ከምሽት እስከ ንጋት የሚወጣው 10 ያህል ብቻ ስለ ሆነና በማግሥቱ በመንገድ ላይ ስለሚተካ ማንም አላወቀውም። መኪናችን ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚታመምበት ምክንያት ይኸው ነበር።

ወጣቱ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ቁጥሩን አነበበልኝ። የሬድዮው ሲነቀል በጥቂቱ ቀነሰ፤ የሌሎቹ ምንም ለውጥ አላመጡም። ሁሉም ተነቅለው ካለቁ በኋላ 0.82 ቀረ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል። ልጁ ግን በፊውዝ ሳጥኑ ሳያልፉ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚገናኙ ወፍራም ሽቦዎች እንዳሉ ያውቃል፤ እነርሱም የሞተሪኖው፣ የናፍጣ ሞተር ማሞቂያውና ብዙዎቻችን ዲናሞ የምንለው የአልተርኔተሩ ናቸው። ባትሪውን ለይቶ የአልተርኔተሩን ወፍራም ሽቦ ፈታና ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለው፤ ፊውዞቹን ሁሉ መልሶ ሰክቶ እንደገና ለካ። 0.04 አነበበ።

አልተርኔተር ውስጥ ዳዮድ የሚባሉ ትናንሽ ዕቃዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት ናቸው። ሥራቸው ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው እንዲሄድ መፍቀድና እንዳይመለስ መከልከል ነው፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ቀን የተሞላው ሌሊት በዚያው በር ተመልሶ ይወጣል፤ ቀንም ቢሆን አሞላሉ ይደክማል። የሚበላሹትም በሙቀት ወይም ባትሪ ተገላብጦ ሲታሰር ነው። ይህ ሲነገር ሾፌራችን ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ በኅዳር ወር ደባርቅ ላይ መኪናው በሌላ መኪና ባትሪ እንዲነሣ ሲያገናኝ በጨለማ ገመዱን አገላብጦት ብልጭ ብሎ እንደ ነበር በዝግታ ተናገረ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ባትሪ ብርድ ይጎዳዋል፤ የሙቀቱ መጠን ወደ ዜሮ ሲጠጋ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይሰጣል። ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ባላት በጎንደር ከተማ የሚያስነሣው ግማሽ ባትሪ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በምትገኘው በደባርቅ ሌሊት አድሮ ጠዋት ላያስነሣ ይችላል። ወደ ስሜን ተራሮች መናፈሻ ጎብኚ የሚያደርሱ መኪናዎች ደግሞ ከዚያም በላይ፣ ውርጭ በሚወርድበት ያድራሉ። ሙሉ ባትሪ በውርጭ አይረጋም፤ ባዶው ግን ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ ውስጡ በረዶ ሆኖ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አይሱዙና መሰል የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴዎች ጉዳይ ለየት ይላል። እነዚህ በ24 ቮልት ስለሚሠሩ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ይታሰሩባቸዋል። ሬድዮው ግን ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ብቻ ስለሚፈልግ አንዳንድ ሾፌሮች ከአንደኛው ባትሪ ላይ ሽቦ ይስባሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ባትሪ ለመኪናውም ለሬድዮውም ሲያወጣ ሁለተኛው ለመኪናው ብቻ ያወጣል፤ አልተርኔተሩ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው የሚሞላቸው። አንደኛው ሳይጠግብ ይኖራል፤ ሁለተኛው ከልክ በላይ እየተሞላ ውሃው ያልቃል። ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ የለካ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያገኘዋል። መድኃኒቱ 24 ቮልትን ወደ 12 የሚቀንስ መለወጫ ማስገባት ነው፤ ይህም ከባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። ባትሪ ሲለወጥም ሁለቱም በአንድነት መለወጥ አለባቸው፤ አሮጌና አዲስ በአንድ ቀንበር አይጠመዱም።

ከዚህ ሌላ የተለመዱት አባካኞች ከውጭ አገር ተሠርቶባቸው የሚመጡና እዚህ ተቆርጠው የሚቀጠሉ ማስጠንቀቂያ ደወሎች፣ መኪናው የት እንዳለ የሚጠቁሙ መሣሪያዎች፣ የማይጠፋ የፍሬን መብራት፣ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ፣ በኮፋኖ ሥርና በዳሽቦርድ መሳቢያ ውስጥ ተደብቀው የሚበሩ ትናንሽ አምፖሎች ናቸው። አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል በአንድ ቀንና ሌሊት 10 አምፔር ሰዓት ይበላል። በባትሪው ጀርባ ላይ የተጠራቀመ እርጥብ ቆሻሻም በሁለቱ ራሶች መካከል መንገድ ስለሚሆን መጥረግ ይገባል።

የሰሜኑ ጦርነት በነበረበት ጊዜ ከደባርቅ ወደ ሽሬ የሚያልፈው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ነዳጅ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ ለሳምንታት የሚቆም መኪና ቢኖር የኔጋቲቩን ገመድ ነቅሎ ማስቀመጥ ከሁሉ የቀለለ ጥበቃ ነው። ሲነቅሉ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲያስሩ በመጨረሻ ይታሰራል። ከሚሞላ ባትሪ የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ የሚፈነዳ ስለ ሆነ እሳትና ሲጋራ ይራቅ። ባዶ ሆኖ የሰነበተ ባትሪ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ስለሚጠነክርበት፣ ኋላ ቢሞላም የቀድሞ ኃይሉን አይመልስም።

ለባትሪ አስመጪዎችና ለባለሱቆች የሚመለከት ቃል ልጨምር። አሲድ ተሞልቶ የሚመጣ ባትሪ በመርከብም በጂቡቲም በመደርደሪያም ላይ ሳለ በራሱ ይወርዳል። ስለዚህ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይሸጥ፤ ሲለካ ከ12.4 በታች የሆነው ሳይሞላ ለገዢ አይሰጥ። «አዲስ ነው» እየተባለ ደካማ የሆነ ባትሪ ያወጣ ሱቅ ደንበኛውን መልሶ አያገኘውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደሉም። አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እርሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነቃም። እንግዲህ የ12 ቮልት ባትሪ ገበያ ገና አልተዘጋም።

የእኛ አልተርኔተር ዳዮዱ ተለወጠለት፤ ወጪውም ከአዲሱ ባትሪ ዋጋ ጥቂት እጅ ነበር። የስንብቱ ደብዳቤ አልተጻፈም፤ አሠሪዬም ሽማግሌውን ቢሮ ድረስ ጠርተው በፊቴ ይቅርታ ጠየቁ። ያ አርጅቷል ተብሎ የተጣለው የመጀመሪያው ባትሪ ግን ምንም ሳይጎድለው አይቀርም ነበር፤ ተለክቶ አያውቅም። ልንለካው ብንፈልገው ከሁለት ሳምንት በፊት ቆራሌው በርካሽ ወስዶታል።